ሁለት ይቀረዋል

መኝታ ቤትና ጋራዥ በአንድ መስኮት የሚገናኙበት ቤት አይታችሁ ካላወቃችሁ አንድ ልንገራችሁ። መስኮቱ መጀመሪያ የሚያየው ወደ ጓሮ ነበር። የቤቱ አባወራ የአውቶቡስ ድርጅት መካኒክ ነበርና ለራሱ አንድ ያረጀ መኪና ሲገዛ፣ ጓሮው ላይ በብሎኬትና በቆርቆሮ ጋራዥ ሠራለት፤ የመኝታ ቤቱም መስኮት ጋራዡ ውስጥ ቀረ። ሌላ ሰው ቢሆን ይደፍነው ነበር። እሱ ግን ሚስቱን "ተዪው፣ ጨርቅ ስፈልግ ታቀብይኛለሽ" አላት። እንዲህ እንደተባለ ሠላሳ ሦስት ዓመት ተኖረ። እሱ ከመኪናው ሥር ተጋድሞ ይነጫነጫል፣ እሷ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ የልብስ ቁልፍ እየተከለች፣ እየጠቀመች ትመልስለታለች። ፊት ለፊት ተቀምጠው ያላወሩትን ሁሉ በዚያ መስኮት አወሩት።

መኪናውን "ሽማግሌው" ይለዋል። እሷ ደግሞ እሱን "ሽማግሌው" ትለዋለች። ቤቱ ውስጥ ሁለት ሽማግሌ ነበር፤ አንዱ ዘይት ሲጠጣ፣ አንዱ ሻይ ሲጠጣ።

ልጃቸው አንድ ብቻ ነው፤ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ። ሰፈሩ ስሙን ትቶ "ቆጣሪው" ይለዋል። ቀኑን ሙሉ ከግቢ ግቢ እየዞረ፣ ውሻ እየሸሸ፣ የሲሚንቶ ክዳን እያነሳ ቁጥር ይጽፋል። አርባ ሁለት ዓመት ሞልቶት አላገባም። እናቱ "የሰው ቤት ስትቆጥር የራስህን ረሳህ" ትለዋለች፤ እሱም "ቆጣሪ የራሱን አይቆጥርም" ይላታል። ጨዋታቸው ይቺው ናት።

ከአባቱ ጋር ግን ጨዋታ አልነበረም። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም አባትዬው፤ ምስጋና የሚባል ነገር ከአፉ አይወጣም እንጂ። አንድ ነገር እጅግ ደስ ካሰኘው "ምንም አይል" ይላል፣ አለቀ። ልጁ በአሥር ዓመቱ የመፍቻ ቁልፍ ላቀብል ብሎ ጋራዡ ቢገባ "ያንተ እጅ ለወረቀት ነው" ብሎ መለሰው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ፤ ልጁም ይህችን ቃል ጨብጦ ሠላሳ ሁለት ዓመት ኖረ። ስለ አባቱ ሙያ የሚያውቀው ሁሉ ከእናቱ አልጋ አጠገብ ቆሞ፣ በመስኮቱ በኩል የሰማው ነው።

አባትዬው ከሞተ ስምንት ወሩ ነው። ከመሞቱ ሁለት ሳምንት በፊት የሽማግሌው ማኒፎልድ ተሰነጠቀ፤ የሞተሩን ጭስ ተቀብሎ ወደ ማርሚታው የሚያወርደው ከባዱ ብረት ማለት ነው። ለዚያ ዕድሜ መኪና ኦርጂናሉ ከየት ይመጣል? ሻጮቹ "ሄደር" የሚሉትን፣ አራት ቱቦ ወርዶ አንድ የሚሆንበትን ገዝቶ መጣ። በጋዜጣ ጠቅልሎ አልጋው ሥር ከተተና "እሑድ አስረዋለሁ" አለ። እሑድ ሳይደርስ ልቡ ቀጥ አለች። ከዚያ ወዲህ መኪናው ሳይነሳ፣ ሄደሩ ከአልጋው ሥር ሳይወጣ፣ እናትዮዋ ከላዩ ላይ ስትተኛ ከረመች።

የአባት ዕዳ ለልጅ፣ የአፍንጫ እድፍ ለእጅ። ክረምቱ ሲገባ መሥሪያ ቤቱ ለቆጣሪው ዳር ያለ አዲስ ሰፈር ሰጠው፤ በእግር የማይቻል ሆነ። አንድ ቅዳሜ አልጋው ሥር ተንበርክኮ ጥቅሉን ጎተተው።

"መካኒክ ጥራ እንጂ ልጄ" አለችው እናቱ።

"ራሴ አስረዋለሁ።"

እጁን አየችው።

ባትሪውን ፈታ፣ የመኪናውን ፊት በክሪክ አነሳ፣ ከሥር ብሎኬት ደገፈ። ኮፈኑን ሲከፍት የአባቱ ቀልድ ትዝ አለው፦ "ኮፈንና ከፈን የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ነው፣ ከሥሩ ስትገባ ተጠንቀቅ።" ማኒፎልዱን ያሰሩትን ስምንት ዳዶዎች ዝገት ውጧቸዋል። ነጭ ጋዝ አንጠባጥቦ ጠበቀ፣ በመዶሻ ኳ ኳ አደረጋቸው፣ ደግሞ ጠበቀ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ሰባቱ በሰላም ወጡ፣ ስምንተኛው ከአሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ ጋር ተናንቆ የአውራ ጣቱን ቆዳ ይዞ ወጣ። አሮጌውን ማኒፎልድ ሲያወርደው ደረቱ ላይ አረፈበት። ሞተሩ ላይ የቀረውን አሮጌ ጋስኬት፣ ጭስ እንዳያመልጥ በመካከል የሚገባውን ስስ ማሸጊያ፣ በሽቦ ብሩሽ ፈገፈገ፣ ከሄደሩ ጋር የመጣውን አዲሱን ገጠመ፣ ሄደሩን እያጣመመ በመሪው ዘንግ አጠገብ አሾለከው፣ ዳዶዎቹን ከመሃል ወደ ዳር አጠበቀ። ከመሃል ወደ ዳር መሆኑን ማን ነገረው ብትሉ፣ መስኮቱ።

አባቱ ትቶት የሄደውን ረጅም የጎማ ቱቦ ማርሚታው ጫፍ ላይ ሰካ። ሽማግሌው ጠዋት ጠዋት ሩብ ሰዓት ካልሞቀ የማይሄድ ስለሆነ፣ ጭሱ በዚያ ቱቦ፣ በግድግዳው ቀዳዳ ወደ ውጭ ይወጣ ነበር። ባትሪውን መልሶ አሰረ። ሞተሩ አጉረመረመ፣ አስነጠሰ፣ ሦስተኛው ላይ ተነሳ። ደስታ የሰውን ልብ ያጠፋል፤ ቆጣሪው በመስኮቱ በኩል "እማ፣ ሽማግሌው ተነሳ" ብሎ ጮኸ።

እናቱ ከምሳ በኋላ ጋደም ብላ ነበር። አማርኛችን ደግሞ ለእንዲህ ያለ ቀን አይመችም፤ ሞተርም ይነሳል፣ በሽተኛም ይነሳል፣ ሙትም ይነሳል። ጸጉሯን ሳታስር፣ የባሏን ነጠላ ጫማ በእጇ አንጠልጥላ ጋራዡ በር ላይ ደረሰች። "በባዶ እግሩ ሲሚንቶ ላይ አታቁመው" አለች። ከዚያ መኪናውን አየች፣ ጫማውን አየች፣ ልጇን አየች። ሳቀች፣ ወዲያው አለቀሰች። እሱ በዘይት እጁ ማቀፉን ፈርቶ ክርኑን ትከሻዋ ላይ አደረገ።

አዲሱ ብረት ይጨስ ነበር። አዲስ ብረት ቅባቱ ተቃጥሎ እስኪያልቅ ይጨሳል ሲባል ሰምቶ ነበርና አልደነገጠም፤ መስኮቱን ሊዘጋላት ሲሄድ ግን እጁን ያዘችው። "ተወው፣ ይኼ እኮ የአባትህ ሽታ ነው" አለች። እውነቷን ነው፤ የሞቀ ብረትና የተቃጠለ ዘይት ሠላሳ ሦስት ዓመት አጠገቧ የተኛ ሽታ ነው።

ሰኞ ጠዋት ዝናብ ነበርና የጋራዡን በር ገርበብ አድርጎ አሞቀው። ቁርሱን በልቶ ሲወጣ እናቱ በመስኮቱ ብቅ ብላ ተሰናበተችው።

"ደህና ዋሉ" አለች።

ለአንድ ሰው "ዋል" ነው የሚባለው። እናት ልጇን አንቱ አትልም። ቆጣሪው ዞር ብሎ የኋላውን ወንበር አየ፣ የሥራ ቦርሳው ብቻ ነበር። አፏን ስቷት ነው አለና ሄደ። ማክሰኞም "ደህና ዋሉ" አለችው። ረቡዕ ስትደግመው "እማ፣ እኔና ማን?" አላት።

"አንተና እሱ ነዋ" አለች፣ እንደ ቀላል ነገር።

ከዚያ ነገረችው። አባቱ ጠዋት ጠዋት ይመጣል። ክርኑን መስኮቱ ደፍ ላይ ያስደግፋል። ፊቱ በደንብ አይታይም፣ ብርሃኑ ከኋላው ነው፤ ጨርቅ አምጪ ይላታል፣ ትሰጠዋለች። ልጁ ጋራዥ ገብቶ ቢያይ፣ ከመስኮቱ ሥር ሲሚንቶው ላይ አራት ታጥፎ የተጣለ ንጹሕ ጨርቅ አገኘ። በማግሥቱ ሁለት ሆኑ። እሷ ናት የጣለችው፣ ሌላ ማን ሊጥለው። እንዲያም ሆኖ አላነሳቸውም፤ እጁ እምቢ አለው።

ሊቆጣት አልቻለም። ስምንት ወር አመድ መስሎ የከረመ ፊቷ ቀላ ብሏል፣ ድምጿ ተመልሷል። ራሴን ይወጋኛል ትላለች፣ ግን እየሳቀች። ኀዘን የማያሳየው የለም፣ ያልፍላታል ብሎ ዝም አለ። የተሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ረቡዕ "አባትህ መልእክት አለው" አለችው።

"ምን አለ?"

"'ንገሪው፣ ሁለት ይቀረዋል' አለኝ።"

"ምን ሁለት?"

"እኔ ምን አውቄ ልጄ። ተቆጥቶ ነው ያለው።"

ቆጣሪው ያን ቀን ቁጥር አልገባ አለው። የቆጣሪ ክዳን እያነሳ ሁለት ይቀረዋል ይላል፣ እየከደነ ሁለት ይቀረዋል ይላል። ለማን ነው የሚቀረው? ሁለት ቀን ነው ወይስ ሁለት ሰው? ቤታቸው ውስጥ ያለው ሰው ሁለት ነው፤ እሱና እሷ። ይህን ሲያስብ አንዲት ሴትዮ "ምነው ላብ አጠመቀህ?" አለችው፤ ቀኑ ብርድ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት እናቱ በአልጋዋና በበሩ መካከል ወደቀች። ክሊኒክ ይዟት በረረ። ነርሷ የደም ግፊቷን ለካች፣ ዓይኗን አየች፣ ልጁን ጠየቀችው።

"ራስ ምታቱ የሚብስባት መቼ ነው?"

"ጠዋት።"

"ቤት ውስጥ የሚነድ፣ የሚጨስ ነገር አለ?"

"ምንም የለም፤ የምናበስለው በኤሌክትሪክ ነው።" ይህን የተናገረው እንደሚምል ሰው ነበር። ጭስ ማለት ለሱ ወጥ ቤት ነው፤ የሽማግሌው ጭስ ደግሞ በቱቦ ተሸኝቶ ይወጣል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነና ነርሷ የራስ ምታት ክኒን ሰጥታ "ንጹሕ አየር ታግኝ" ብላ ሸኘቻቸው።

እሑድ ጠዋት እናቱ ተኝታ ሳለ ጋራዥ ገባ። ከጥቂት ቀን ወዲህ ከሞተሩ አንድ ቀጭን ትክ ትክ የሚል ድምፅ ይሰማዋል፣ ሊያዳምጠው ፈለገ። ዝናቡ ወደ ውስጥ ይረጭ ስለነበር በሩን ዘጋ፣ ኮፈኑን ከፈተ፣ አስነሳና ጎንበስ አለ። ትክ፣ ትክ፣ ትክ። ራሱ ከበደው። ጎንበስ እንዳለ ዓይኑ ወደ ሲሚንቶው ሄደ፤ ከፊት ጎማው አጠገብ አንድ ጥንድ ጫማ ቆሟል። የግራው ተረከዝ በውጭ በኩል ተበልቷል። ያን ተረከዝ ያውቀዋል።

ቀና ለማለት አልደፈረም።

"እጅህ ጥሩ ነው" አለው ድምፁ።

ቆጣሪው አለቀሰ። እንደ ልጅ አፍንጫው እየፈሰሰ አለቀሰ፤ ሠላሳ ሁለት ዓመት የጠበቀው ቃል ነው። የመኪናው መከላከያ ላይ ተደግፎ ተቀመጠ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ አለው፣ እዚያው ቢቀር ግድ አልነበረውም። የቀሰቀሰው የእናቱ ሳል ነው። ዓይኑን ወደ መስኮቱ ሲያነሳ መጋረጃው ወደ መኝታ ቤቱ ገባ ገባ እያለ ይርገበገባል።

የሰው ሙያ ሰውን የሚያድነው እንዲህ ባለ ቀን ነው። ቆጣሪ አንባቢ አንድ ነገር ያውቃል፤ ሁሉም ቧንቧ ተዘግቶ ቀስቱ ከዞረ፣ የሆነ ቦታ ያፈሳል። በሩ ዝግ ነው፣ ነፋስ የለም፣ መጋረጃው ግን ይንቀሳቀሳል። ከዚህ ወደዚያ የሚሄድ ነገር አለ ማለት ነው። ተንፏቆ ሞተሩን አጠፋ፣ በሩን በእግሩ በረገደው፣ እናቱን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ዝናብ ላይ አወጣት። ከዚያ ግንቡ ሥር አስታወከ።

ከቀትር በኋላ፣ ጋራዡ ከተናፈሰ ወዲያ፣ ተመልሶ ዳዶዎቹን ነካ። አራቱ በጣት የሚዞሩ ሆነዋል፤ በአራተኛው ቱቦ ዙሪያ ብረቱ ላይ ጥቁር ጥላሸት ተረጭቷል። ጭሱ በጎማው ቱቦ ከመሸኘቱ በፊት እዚሁ እያመለጠ፣ በመስኮቱ ወደ እናቱ አልጋ ሲገባ ከርሟል። አዲስ ብረት ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል፣ ዳዶውም ይላላል። ይህን ደግሞ ያውቀው ነበር። አባቱ ቤት ድረስ ለሚመጣ ተለማማጅ ሲጮህ በዚያው መስኮት ሰምቶታል፦ "ብሎን ሦስት ጊዜ ይጠብቃል፤ ሲገባ፣ ሲሞቅ፣ ሲለምድ።"

እሱ ያጠበቀው አንድ ጊዜ ነው። ሁለት ይቀረዋል።

እናቱ ያን ቃል ባሏ ሲለው ሰምታ ጭሱ አስታውሷት ይሆናል፣ እንዲያ ነው የሚሆነው ብሎ ራሱን አሳመነ። አሳመነ ብንል ነው እንጂ፣ ቁልፉን ሲያነሳ ዞር ብሎ መስኮቱን አየ።

መኪናውን ገፍቶ ግቢው መሃል አወጣ፣ እዚያ አሙቆ ሁለተኛውን አጠበቀ። ለእናቱም ሁሉንም ነገራት። ሰምታ ስታበቃ "ገባኝ" ብቻ አለች። ያን ሳምንት ሽማግሌው ግቢ ላይ ሞቀ፣ መስኮቱ ባዶ ሆነ፣ የራስ ምታቱ ተዋት፣ ፊቷም ወደ አመዱ ተመለሰ። ዓርብ ዕለት "ብረቱ እስኪለምድ ሦስተኛውን ተወት አድርገው" አለች። ቅዳሜ ደግሞ "ነገ አንድ ቀን ብቻ ውስጥ አስነሳው" አለች፣ ወደ ግድግዳው ዞራ።

እሑድ ጠዋት ሦስተኛውን ሊያጠብቅ ቢገባ የአሥራ ሦስት ቁልፍ ከቦታው የለም። ሳጥኑን ገለበጠ፣ መደርደሪያውን ፈተሸ።

"እማ፣ የአሥራ ሦስቱን ቁልፍ አይተሻል?" አለ በመስኮቱ።

"አይቻለሁ።" አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች፤ እጇ ትራሱ ሥር ነው።

"ስጪኝ።"

"ብሰጥህ ታጠብቀዋለህ። ከዚያ እኔ ከማን ጋር ላወራ?"

"እማ፣ ጭሱ ይገድልሻል።"

"በጭሱ ከመጣ በጭሱ ብሄድ ምን አለበት? ስድሳ ስምንት ዓመት ይበቃል።"

ሳምንቱን ሙሉ ግቢው ላይ ሞተር ባስነሳ ቁጥር እሱም ያ ጫማ ቆሞ ይሆን ብሎ መሬቱን ያይ ነበር። ያቺን ቃል አንዴ ደግሞ ቢሰማት ብሎ በሩን ለመዝጋት የቃጣበት ጠዋት አለ። እናቱ ፊቱን በመስኮቱ አነበበችው።

"አንተም አይተኸዋል" አለች።

"አይቻለሁ።"

"ምን አለህ?"

ቆጣሪው አፈረ። "'እጅህ ጥሩ ነው' አለኝ።"

የእናቱ ትከሻ ተንቀጠቀጠና ባሏ ሳለ የምትስቀውን ሳቅ ሳቀች፣ እንባዋ እስኪወርድ። "አባትህ?" አለች። "አባትህ ነው እጅህ ጥሩ ነው የሚልህ? እኔን እንኳ ያገባኝ ቀን በነጭ ልብስ አይቶኝ 'ምንም አይል' ነው ያለኝ።"

እሱም ሳቀ። ሲስቁ ሲስቁ ሳቁ ከሁለቱም ላይ ባንዴ ጠፋ። እናትዮዋ ቀስ ብላ መስኮቱን፣ ክርን ይደገፍበት የነበረውን ደፍ አየች።

"እንግዲያ እሱ አይደለም" አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። "ታዲያ ማን ነው ጨርቅ ሲለምነኝ የከረመው?"

ልጇ ከመስኮቱ ሥር የወደቁትን ጨርቆች አየ።

"ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላሉ" አለች። "አንተን በምስጋና፣ እኔን በጨዋታ።" ትንሽ አሰበችና ራሷን ነቀነቀች። "'ሁለት ይቀረዋል' ያለው ግን እሱ ነው። ያ አፉ ነው። የጎደለውን ነው የነገረህ፣ ሌላ ነገር ተናግሮ አያውቅም።"

ተነሳች፣ ቁልፉን በጨርቅ አድርጋ በመስኮቱ አሾለከችው። ሠላሳ ሦስት ዓመት እንዳደረገችው፣ መያዣውን ወደ ተቀባዩ አዙራ።

"እንካ። አጥብቀው።"

ስድስቱ ዳዶዎች ንቅንቅ አላሉም። ሁለቱ ሩብ ዙር፣ ሩብ ዙር ወሰዱ። መስኮቱ ላይ ቆማ የእጅ ባትሪ አበራችለት፤ "ስንት ቀረ?" ትላለች፣ "አንድ" ይላል፣ "ስንት ቀረ?" ትላለች፣ "አለቀ" አለ። መኪናውን ግቢ አውጥቶ አስነሳው። ትክ ትክ የሚል ነገር የለም፤ ሽማግሌው በእርጋታ ያጉረመርማል። እናቱ በር ላይ ወጥታ ጆሮዋን ሰጥታ አዳመጠች፣ ባሏ ያደርግ እንደነበረው ዓይኗን ጨፍና።

"ምንም አይል" አለች።

ቆጣሪው ኮፈኑን ለመዝጋት ብሎ ፊቱን አዞረ፤ ለመዝጋት ብዙ ጊዜ ወሰደበት።

ሰኞ ጠዋት የግቢው በር ተከፍቷል፣ መኪናው ሞቋል። እናቱ ነጠላዋን ተከናንባ በረንዳው ላይ ቆመች። እሱ እጁን ማርሹ ላይ አድርጎ ጠበቀ። ምን እንደሚጠብቅ እሷም ታውቃለች፤ አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው።

"ደህና ዋል" አለችው።

"አሜን እማ፣ ደህና ዋዪ" አለ። ማርሽ አስገብቶ ወጣ፤ መታጠፊያው ጋ እስኪደርስም አጠገቡ ያለውን ወንበር ዞር ብሎ አላየውም።